«እናንተ ታውቃላችሁ» ሲሉን ምን እያሉን ነው? ለአንድ ሐኪም ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጸሐፊው ብዙ ዓመት ያገለገሉ ሐኪም ናቸው። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው። ታካሚን በሕክምናው ውሳኔ ላይ ማሳተፍ የሚባለው ነገር ለእኛ አገር አይሆንም። ጊዜ የለንም። ታካሚውም አይፈልገውም። ያልተማረ ሰው ስለ መድኃኒት ሊመርጥ አይችልም። ሐሳቡ ራሱ ከውጭ የመጣ ነው፤ እዚህ የሚወስነው ቤተ ዘመድ ነው። ፋርማሲ ውስጥም የሚመረጥ መድኃኒት የለም። በዚያ ላይ ሐኪም «ምን ይሻልዎታል?» ማለት ከጀመረ ክብሩን ያጣል።

እኔ ጎንደር ውስጥ ተመላላሽ ክፍል የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ብዙ የሥራ ባልደረቦቼ ወደውታል፤ የልባችንን ተናገሩልን ብለዋል። ድካማቸው ይገባኛል፣ የኔም ድካም ነውና። በሐሳባቸው ግን አልስማማም። ዝም ብዬ እንዳላልፈው ደግሞ ጉዳዩ ያመኛል። ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

ከጊዜው ልጀምር። ከነጥቦቻቸው ሁሉ ጠንካራው እሱ ነው። ሰኞ ጠዋት የእኛን ኮሪደር ያየ ሰው አይከራከራቸውም። ከካርድ ክፍል ጀምሮ እስከ በራችን ድረስ ሰው በሰው ነው። ከደምቢያ፣ ከጭልጋ፣ ከወገራ ሌሊት ተነሥቶ የመጣ አለ። አንዱን ታካሚ ሳልጨርስ ቀጣዩ ካርዱን ይዞ ክፍሉ ውስጥ ቆሟል።

ግን ማዳመጥ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? የለኩት ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሐኪሞቹ ታካሚውን የሚያቋርጡት መናገር ከጀመረ በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ ነበር። በ2002 ደግሞ ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ ውስጥ ተቃራኒው ተሞከረ። ሐኪሞቹ ታካሚው በቃኝ እስኪል ዝም ብለው እንዲሰሙ ተነገራቸው። 335 ታካሚዎች ነበሩ። በአማካይ የተናገሩት 92 ሰከንድ ብቻ ነው። ከ10ሩ 8 የሚሆኑት በ2 ደቂቃ ውስጥ ጨርሰዋል።

ጎንደር ባዝል አይደለችም ይባል ይሆናል። እውነት ነው። የእኛ ሰው ታሪኩን የሚጀምረው ከሩቅ ነው፤ «የእኅቴን ልጅ ስንድር የበላሁት ነው የጀመረኝ» ብሎ ይነሣል። ዝም ብዬ ስሰማ ግን ብዙ ጊዜ በሽታው ያለው እዚያው ወሬ ውስጥ ነው። መቼ ጀመረ፣ ምን አባሰው፣ ማን አብሮ ታመመ፣ ሁሉም አለ። ስንቆርጠው ነው ጥያቄ በጥያቄ እየጎተትን የምናወጣው።

ከማዳመጥ አልፎ አማራጮችን ዘርዝሮ አብሮ መወሰን ግን ጊዜ እንደሚጨምር አልክድም። ታካሚዎች እንዲመርጡ በሚረዱ መመሪያዎች ላይ የተሠሩ 105 ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2017 በአንድ ላይ ተገምግመው ነበር። ጊዜውን በለኩት ጥናቶች ምርመራው በ2.6 ደቂቃ ገደማ ረዝሟል። በቀን 50 ሰው የሚያይ ሐኪም ይህን ለሁሉም ካደረገ ከ2 ሰዓት በላይ ይጨምርበታል። አይቻልም። ለሁሉም ደግሞ አያስፈልግም። እጁን ተቆርጦ የመጣን ሰው ልስፋዎት ወይ ብዬ ግማሽ ሰዓት አላወያይም። ዕድሜ ልክህን ኪኒን ዋጥ የምለውን ሰው ግን ላወያየው ይገባል።

አሁን የራሴን ልናገር። አንዲት እናት ነበሩ፤ ስድሳን ያለፉ። ከጥምቀት በኋላ መጡ። ግፊታቸው 170/100 ነበር። ጠዋት ጠዋት የሚዋጥ ሀይድሮክሎሮታያዛይድ ጀመርኩላቸው። ሰው የሽንት ኪኒን የሚለው ነው። በወሩ መጡ፤ ለውጥ የለም። «ይወስዳሉ?» አልኳቸው። «እወስዳለሁ» አሉ። ኢናላፕሪል ጨመርኩ። ሌላ ወር፤ አሁንም ለውጥ የለም። አምሎዲፒን ጨመርኩ። እያንዳንዱ ቀጠሮ ሦስት አራት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ፋሲካ ደረሰ። ልጃቸው ለበዓል ከአዲስ አበባ መጣች። ቁም ሣጥን ውስጥ ያልተነካ ኪኒን በፌስታል ተጠቅልሎ አገኘች። ተቆጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስቱንም እየቆጠረች ታስውጣቸው ጀመር። ከቀናት በኋላ እናትየው ከጓዳ ሲወጡ አዞራቸውና በሩ ላይ ወደቁ። ይዛቸው ስትመጣ ግፊታቸው 90/60 ነበር። አጥንት አለመሰበሩ እግዚአብሔር ይመስገን።

ያን ቀን ወረፋውን አስቁሜ በሩን ዘጋሁ። ወንበሬን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ለምን ተዉት?» አላልኳቸውም። «እማማ፣ ከተነሡ ጀምሮ ቀንዎ እንዴት ነው የሚውለው?» አልኳቸው። ያኔ ሁሉም ወጣ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። እሳቸው እስከ 9 ሰዓት ውኃ አይቀምሱም፤ ስለዚህ የጠዋት ኪኒን የለም። ከጾሙ በፊትም ቢሆን ቅዳሴ አያልፋቸውም። የሽንት ኪኒኑን ውጠው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። በቅዳሴው መሐል ሁለት ጊዜ መውጣት ግድ ሆነባቸው። አፈሩ። ተዉት።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ። አንገታቸውን ደፉ። «ያ ሁሉ ወንድ ቆሞ የሽንት ነገር ላውራ ልጄ?» አሉኝ።

ያን ንግግር እስካሁን አልረሳውም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን ታካሚውን እንወቅሳለን። እሳቸውን ያስደበቃቸው ግን የኔ ክፍል ነው። ክፍት በሩና ከጀርባቸው የቆመው ሰልፍ ነው። ይህን ሁሉ ለማወቅ ስድስት ደቂቃ ገደማ ፈጀብኝ። አስቀድሜ ብጠይቅ ኖሮ ሁለቱን መድኃኒት አልጨምርም ነበር።

እዚህ ላይ ነው ከጸሐፊው ጋር የምለያየው። እሳቸው ውሳኔው ማዘዣው ላይ ስንፈርም ያለቀ ይመስላቸዋል። ውሳኔው የሚሰጠው ቤት ነው። ኪኒኑ መዳፍ ላይ ተቀምጦ፣ ውኃው በብርጭቆ ቀርቦ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሪፖርት እንዳለው፣ በበለጸጉት አገሮች እንኳ ለረጅም ጊዜ ሕመም የታዘዘላቸውን በአግባቡ የሚወስዱት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ታካሚው ድሮም ይወስናል፣ ዛሬም ይወስናል። ወይ እኛ ባለንበት ይወስናል፣ ወይ እኛ በሌለንበት።

ሁለተኛው ነጥባቸው ታካሚው አይፈልገውም የሚለው ነው። «ምን ይሻልዎታል?» ሲሉት «እናንተ ታውቃላችሁ» ብሎ ይመልስልኛል ብለው ጽፈዋል። ለኔም ይመልሱልኛል። ግን ጎንደር ውስጥ እንግዳ ሆኖ የገባ ሰው ይህን ንግግር ያውቀዋል። «ብሉ እንጂ» ሲባል «ጠግቤያለሁ፣ አሁን በላሁ» ይላል። የቤቱ እመቤት «እሺ» ብላ ሌማቱን ታነሣለች? አታነሣም። «በሞቴ» ትላለች። «አፈር ስሆን» ትላለች። የመጀመሪያው «በቃኝ» ጨዋነት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። «እናንተ ታውቃላችሁ» ም እንደዚያ ነው። የተማረን ሰው ማክበር ነው። አንዴ ብቻ ጠይቀን፣ የመጀመሪያውን መልስ ተቀብለን ሌማቱን የምናነሣው እኛ ነን።

አጠያየቁም ራሱ ችግር አለበት። አንዲት እናት ስለ አምሎዲፒንና ስለ ኢናላፕሪል ምን ይሻልዎታል ቢባሉ «እናንተ ታውቃላችሁ» ከማለት ሌላ ምን ይበሉ? ትክክል ናቸው፤ ያንን የማውቀው እኔ ነኝ። እሳቸው የሚያውቁት ሌላ ነው። ስንት ሰዓት እንደሚበሉ፣ ምን እንደሚያሳፍራቸው፣ ለመድኃኒት ስንት ብር እንዳላቸው፣ በምን በምን ቀን ጠበል እንደሚሄዱ። እንግዲህ የምጠይቀው ይህንን ነው። «ምን ያስቸግርዎታል?» «ከሕመሙ ይልቅ የሚያሳስብዎት ነገር አለ?» ለዚህ ጥያቄ «እናንተ ታውቃላችሁ» ያለኝ ሰው ገና አልገጠመኝም።

ሁሉን ተረድቶ «አንተው ወስንልኝ» የሚልም አለ። እሺ። ያም የሱ ውሳኔ ነው፤ እወስንለታለሁ። ሳይጠየቅ የተወሰነበት ሰው ግን ሌላ ነው።

ያልተማረ ሰው መምረጥ አይችልም ለሚለው ረጅም መልስ የለኝም። ከኛ ክፍል ወጥተው ወደ ቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ይሂዱ። ነርሷ ጠረጴዛው ላይ ትዘረዝራለች። በየቀኑ የሚዋጠው ኪኒን ይኸው። በ3 ወር የሚወጋው መርፌ ይኸው። ክንድ ውስጥ የሚቀበረው፣ የ3 ዓመቱና የ5 ዓመቱ፣ ይኸው። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ደግሞ እስከ 10 ዓመት ይቆያል። ይኼኛው ደም ሊያዛባ ይችላል፣ ያኛው ሲወጣ ቶሎ ይጸነሳል። ፊደል ያልቆጠረች ሴት በእጇ ታገላብጣለች፣ ትጠይቃለች፣ ትመርጣለች። ይህ በየጤና ጣቢያው ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የኖረ ነገር ነው። አንዲት ሴት በቤተሰብ ምጣኔ ክፍል የምትችለውን እኔ ክፍል ስትገባ አትችልም ማለት አልችልም።

ሐሳቡ የውጭ ነው ለሚለውም እንዲሁ ባጭሩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 20 ማንም ሰው የሕክምና ወይም የቀዶ ሕክምና ምርመራን በማናቸውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ለሕዝብ ጤና ሲባል በሕግ የሚታዘዙ እንደ ክትባት ያሉት ግን ተለይተዋል። እምቢ ማለት የሚችል ሰው ደግሞ ምን እምቢ እንደሚል ማወቅ አለበት። ከሕጉ በፊትም ሽምግልና ነበረን። ሁለቱንም ወገን ሳይሰማ የሚፈርድ ሽማግሌ ማን ያከብረዋል?

የጎንደርንም ነገር አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ1954 እዚህ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሲከፈት የጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የሳኒቴሽን ባለሙያው አንድ ላይ ነበር የሚሠለጥኑት። አንድ ላይ ሆነው ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ሰዉ ቤት ይወጡ ነበር። ሰው እንዴት እንደሚኖር ሳታይ አታክመውም የሚለው ሐሳብ ለዚህች ከተማ እንግዳ አይደለም። እኛ ነን ከክፍላችን መውጣት የተውነው።

ቤተ ዘመድ ነው የሚወስነው ያሉት ግን በደንብ መታየት አለበት፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ጎንደር ውስጥ ብቻውን የሚታመም ሰው የለም። አስታማሚው ከታካሚው ይበዛል። ልጅ ይከፍላል፣ አማች ይሸከማል፣ ጎረቤት ስንቅ ያመላልሳል። እነዚህን ሰዎች ከክፍል አስወጥቼ ከታካሚው ጋር ብቻ ላውራ ብል የሚረዳኝም የለም። ግን አብሮ መወሰን ማለት ለብቻ መወሰን ነው ያለው ማነው? ከማን ጋር እንደሚሰማ ታካሚው ይምረጥ ነው የምንለው።

ጸሐፊው ከባድ በሽታ ሲገኝ ለቤተሰብ ብቻ መንገር የባህላችን ደግነት ነው ይላሉ። እዚህ ላይ ብዙ ቆይቼ አስቤበታለሁ። ከዳባት አካባቢ የመጡ አንድ አባት ነበሩ። ጉበታቸው ላይ የተገኘው ካንሰር የሚድን አልነበረም። ልጆቻቸው ኮሪደር ላይ ያዙኝ። «እባክህ እንዳትነግረው፤ ይሰበርብናል» አሉኝ። ዓይናቸው ቀልቷል። እሺ ልላቸው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

ገብቼ አባትየውን ጠየቅኳቸው። «አባባ፣ የምርመራዎን ነገር ለእርስዎ ልንገር ወይስ ለልጆችዎ?» ትንሽ ዝም አሉና «ልጆቼን ጥራቸው፤ አብረን እንስማ» አሉ። ነገርኳቸው። ቀስ ብዬ፣ በአማርኛ፣ አንድም የላብራቶሪ ቃል ሳላስገባ። ያለቀሱት ልጆቹ ናቸው። እሳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው። «እስከ አዝመራው እደርሳለሁ?» እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም፤ ግን ዛሬ ሊያደርጉት የሚፈልጉት ነገር ካለ ለኅዳር አያቆዩት አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ያንኑ ቀን አገራቸው ገቡ። በኋላ ትልቁ ልጅ መጥቶ ነገረኝ። የንስሐ አባታቸውን አስጠሩ። የበሬ ዕዳ ነበረባቸው፤ ማን እንደሚከፍል ተናገሩ። ከወንድማቸው ጋር ተኳርፈው ነበር፤ ታረቁ። ተናዘዙ።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ይህንን ነው። ኑዛዜ ባህላችን አይደለም ወይ? መሞቱን የማያውቅ ሰው መቼ ይናዘዝ? መቼ ይታረቅ? መቼ ይቁረብ? ባህል ካሉ ባህሉ መደበቅ ብቻ አይደለም። መርዶ እንኳ ወግ አለው። ማን ይንገር፣ መቼ ይነገር፣ ማን አጠገብ ይሁን ተብሎ ተመክሮበት፣ ሊነጋጋ ሲል ነው በር የሚንኳኳው። ክፉ ወሬን በጥንቃቄ ማድረስ እኛ እናውቅበታለን። ሆስፒታል ስንገባ ነው የምንረሳው።

የሚመረጥ መድኃኒት የለም ላሉት፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ በሚተላለፈው በሽታ፣ በካላዛር ልመልስ። ከመተማ እርሻ የሚመጣው የቀን ሠራተኛ ሆዱ አብጦ፣ ከስቶ፣ ትኩሳት ይዞት ይደርሳል። የተለመደው ሕክምና ሁለት ዓይነት መርፌ በየቀኑ ለ17 ቀን ነው። ካልታከመ ይሞታል። እዚህ ላይ በመድኃኒቱ ምርጫ የለም፤ ልክ ናቸው። ነገር ግን 17 ቀን መሆኑን ከመጀመሪያው ካልነገርከው ምን ይሆናል? ትኩሳቱ ጥቂት ቀን ቆይቶ ሲለቀው የተሻለው ይመስለዋል። ያልተከፈለው የቀን ሥራ ገንዘብ አለ። ቤት የሚጠብቁት አሉ። ተነሥቶ ይሄዳል። አስቀድመህ ብትቀመጥና «17 ቀን ነው፤ ምን ያስቸግርሃል?» ብትለው አሠሪው ጋር ደውሎ ይነጋገራል፣ ወንድሙን ያስመጣል። አንድ ዓይነት መድኃኒት ብቻ ባለበትም የሚመከርበት ነገር ሞልቷል።

የመጨረሻው የክብር ነገር ነው። ሐኪም ከጠየቀ ያላወቀ ይመስላል፤ ታካሚውም ያሻውን ማዘዝ ይጀምራል፤ ለጉንፋን መርፌ ውጋኝ ይላል ብለዋል። መርፌ ውጋኝ የሚለው አሁንም አለ፤ ስላልጠየቅነው አልቀረም። አብሮ መወሰን ማለት ያሉትን ሁሉ መፈጸም አይደለም። «ለዚህ መርፌ አልሰጥዎትም፤ ምክንያቱም አይጠቅምዎትም፣ ሊጎዳዎት ይችላል» ማለት የኔ ድርሻ ነው። ራሱን ስቶ ወይም እያንቀጠቀጠው የመጣን ሰውም ምረጥ አልለውም፤ ፈጥኜ አክመዋለሁ። ክብራችን ግን ባለመጠየቃችን አይደለም የሚጠበቀው። ይህን ለማሳየት ወደ እኒያ እናት ልመለስ።

ከወደቁ በኋላ ሦስቱንም መድኃኒት አቆምን። ግፊቱ ተመልሶ ሲወጣ አንዱን ብቻ ጀመርን። አምሎዲፒን፣ 5 ሚሊግራም፣ ማታ ከእራት በኋላ። ጾሙን አይነካም፣ ቅዳሴውንም አይነካም። «እግርዎ ሊያብጥ ይችላል፤ ካበጠ ሳይተዉት በፊት ይንገሩኝ» አልኳቸው።

ከሁለት ወር በኋላ መጡ። በሩን ዘጋሁ። ግፊታቸው 138/84 ነው። ከመቀመጣቸው የቀሚሳቸውን ጫፍ ከፍ አድርገው ቁርጭምጭሚታቸውን አሳዩኝ። «እንዳልከኝ አብጧል» አሉ። «ግን አልተውኩትም። መጀመሪያ ላንተ ልንገር ብዬ ነው።»

መርምሬ ሌላ ምክንያት እንደሌለው አየሁ። መቀየር እንደሚቻል ነገርኳቸው። ኢናላፕሪሉን ብቻውን ማታ ማታ መሞከር እንችላለን፤ እሱ ግን በአንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል አልኳቸው። አሰቡበት። «ሳሉስ ቅዳሴ ላይ ያስቸግራል» አሉ። «እብጠቱን እችለዋለሁ። ከባሰ እመጣለሁ።» ካርዳቸው ላይ እንዳሉት ጻፍኩ።